ቬፕ ሱቅን «በደንብ» መቆጣጠር፦ ረቂቁ እጄ ላይ ነው፣ እስቲ ሐሳብ ስጡ

ረቂቅ_ያዥ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ኮሚቴ ውስጥ ስሜ ገብቷል። እንዴት እንደገባ አትጠይቁኝ፤ ከስብሰባ የቀረ ሰው ይመረጣል የሚባለው እውነት ነው። ሥራችን የማዘጋጃ ቤት ረቂቅ ደንብ አንብቦ አስተያየት መስጠት ነው። ጉዳዩ የቬፕ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ሱቆችና ሽያጭ።

ረቂቁ 14 አንቀጽ አለው። 13ቱ «ክልክል ነው» ይላሉ። ትምህርት ቤት አጠገብ መሸጥ ክልክል ነው፣ ለልጅ መሸጥ ክልክል ነው፣ ጣዕም ያለው ክልክል ነው፣ መስኮት ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው። አሥራ አራተኛው «አግባብ ያለው አካል ይከታተላል» ብሎ ያበቃል። ያ አካል ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ኮሚቴው ውስጥ የለም። ሰብሳቢያችንን ጠየቅኳቸው። «አግባብ ያለው ነዋ!» አሉኝ።

እኔ አላጨስም፣ ቬፕም ነክቼ አላውቅም። የምታውቁ ንገሩኝ። የአካባቢ አስተዳደር በዚህ ነገር ላይ ከልቡ ምን ማድረግ ይችላል? የትኛው አንቀጽ ይሠራል? የትኛውስ ለወረቀት ማሳመሪያ ነው?

የባንኮኒ_ጀርባ

አይዞህ። ውጭ አገር ቬፕ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓመት ሻጭ ነበርኩ፤ አሁን ትቼዋለሁ። መጀመሪያ ትርጓሜውን እየው። «ጭስ የሚያወጣ መሣሪያ» የሚል ከሆነ ዛሬውኑ ሰርዘው። ቬፕ የሚያቃጥለው ነገር የለም። አንዱን ፈታተህ ብታየው ባትሪ አለው፣ ቀጭን ጥቅልል ሽቦ አለው፣ ሽቦው መሐል ፈሳሽ የጠጣ ጥጥ አለ። ስትስበው ባትሪው ሽቦውን ያግለዋል፣ ፈሳሹ ይተናል። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው፤ ላዩ ላይ ኒኮቲንና ጣዕም ይጨመርበታል። ነጋዴው ጠበቃ ይዞ ከመጣ «የኔ እንፋሎት እንጂ ጭስ አያወጣም» ብሎ ሹልክ ይላል።

«የትምባሆ ምርት» ብቻ ብለህ ብትጽፍም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ አምራቾች «ኒኮቲናችን ከትምባሆ ቅጠል አልመጣም፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የሠራነው» ብለው ከሕጉ ሊወጡ ሞክረው ነበር። ኮንግረሱ ቀዳዳውን የደፈነው በ2022 ነው። ስለዚህ መሣሪያውንም፣ ፈሳሹንም፣ መለዋወጫውንም ጻፍ፤ ኒኮቲኑ ከየትም ይምጣ። ኒኮቲን የለውም የሚባለውንም ጨምር። «ዜሮ» የሚል ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ነገር ተቆጣጣሪ ቆሞ በዓይኑ አይለየውም።

ሜትር_ለካሁ

ከትምህርት ቤት ስንት ሜትር ይላል?

ረቂቅ_ያዥ

«በቂ ርቀት» ይላል።

ሜትር_ለካሁ

በቂ ርቀት! እኔን ያስቀኝ ይሆናል፣ ዳኛውን ግን አያስቅም።

የመሬትና የካርታ ሥራ ነው እንጀራዬ። ይህን ነገር አንድ ጊዜ ካርታ ላይ ሞክሬዋለሁ። ኒውዚላንድ በ2023 ያወጣችው ደንብ አዲስ የሚከፈት የቬፕ መሸጫ ከትምህርት ቤትና ከማኦሪዎች (የአገሩ ነባር ሕዝብ ናቸው) መሰብሰቢያ ግቢ ቢያንስ 300 ሜትር ይራቅ ይላል። ጥሩ፣ ቁጥር አለው። ግን ከየት እስከ የት ነው የሚለካው? ከአጥሩ ነው ከበሩ? ካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ነው ወይስ ሰው በእግሩ በሚሄድበት መንገድ? ሁለቱ መሐል አንዳንዴ እጥፍ ልዩነት አለ። ወንዝ ወይም ትልቅ ግንብ ካለ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

ከዚያ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ላይ ክብ አስምር። ትምህርት ቤት የበዛበት ቦታ ላይ ክቦቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ፣ ለሱቅ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ይሆናል። ሱቆቹ ሁሉ ተሰብስበው እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይሰፍራሉ። ያቺ ቦታ ብዙ ጊዜ ደሃ ሰው የሚኖርባት ናት፤ ትምህርት ቤት ያልተሠራላት ሰፈር ማለት ናት እኮ። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ርቀት ብቻ ሳይሆን ሱቅ ከሱቅ ምን ያህል ይራራቅ የሚለውንም ጻፉ። ነባሮቹንስ ምን ታደርጓቸዋላችሁ? ዛሬ ካለው ሱቅ አጠገብ ነገ ትምህርት ቤት ቢከፈት ማን ይነሣል? ይህን ካልመለሳችሁ የመጀመሪያው ክስ ከዚያ ይመጣል።

የመምህር_ደብተር

ሜትር ትለካላችሁ። እኔ በየሳምንቱ ከተማሪ ቦርሳ ነው የማወጣው። ባለፈው አንዱን የእስኪርቢቶ ማስቀመጫ ውስጥ አገኘሁት። ማድመቂያ እስኪርቢቶ ነው ብዬ ክዳኑን ልከፍት ስታገል ልጁ ራሱ ሳቀብኝ። 300 ሜትር ርቆ የተገዛም 3 ሜትር ርቆ የተገዛም ክፍል ውስጥ ያው ነው።

ለምን ዙሪያ ጥምጥም እንሄዳለን? ብራዚል ከ2009 ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች። ሲንጋፖር ከልክላለች። ሕንድ በ2019 ከለከለች። በእኛ አገርም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሣሪያውን መሥራትም፣ ማስገባትም፣ መሸጥም አግዷል። መዝጋት ነው እንጂ ምን ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል?

ሁለት_ፓኮ_ነበርኩ

መምህር፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው። ለ19 ዓመት በቀን ሁለት ፓኮ ሳጨስ ነበር። ማስቲካ ሞክሬያለሁ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ሞክሬያለሁ፣ መሐላም ሞክሬያለሁ። ያላቀቀኝ ይህ የሚጠሉት እቃ ነው። አሁን ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ አይቆራረጥም።

የኔ ታሪክ ብቻ ቢሆን እሺ። ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የሚባለው ቡድን ኒኮቲን ያለው ቬፕ ከማስቲካውና ከሚለጠፈው ይልቅ ብዙ ሰው ሲጋራ እንዲያቆም ይረዳል ብሎ ደምድሟል። ጉዳት የለውም አላሉም፤ እኔም አልልም። ግን ሲጋራ ባንኮኒ ላይ ተደርድሮ እየተሸጠ ቬፕ ብቻ ቢዘጋ እንደኔ ያለው ወዴት ይሄዳል? ወደዚያው ወደ ሲጋራው ነው።

የመምህር_ደብተር

ለእርስዎ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። ግን የኔ ተማሪዎች የሚያቆሙት ሲጋራ የላቸውም። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። በቬፕ ነው የጀመሩት።

ሁለት_ፓኮ_ነበርኩ

እዚህ ላይ መልስ የለኝም። እውነትዎን ነው።

አላፊ_አግዳሚ

ሰው በቬፕ ሳንባው ፈንድቶ እየሞተ እናንተ ስለ ፈቃድ ታወራላችሁ??

የባንኮኒ_ጀርባ

አላፊ አግዳሚ፣ ረጋ በል። የምትለው በ2019 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ነው። እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰው ሆስፒታል ገባ ወይም ሞተ፤ ከነዚህ የሞቱት 68 ነበሩ። ቀላል ነገር አይደለም። ግን በአብዛኛው የተገኘው ምክንያት ካናቢስ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ነገር ነው። አብዛኛውም ከጓደኛ፣ ከመንገድ፣ ከማይታወቅ ሻጭ የተገዛ። አየህ፣ ይህ ለፈቃድ የሚከራከር ማስረጃ ነው እንጂ ፈቃድን የሚቃወም አይደለም። ጠርሙሱ ውስጥ ስላለው ነገር የሚጠየቅ ሰው ሲጠፋ ነው እንዲህ የሚሆነው።

አወያይ

ሁለት አስተያየት አጥፍቻለሁ። በሐሳብ ተከራከሩ፣ እናትና አባት ውስጥ አትግቡ።

የከተማ_ሕግ_ወዳጅ

ዘግይቼ ገባሁ። ረቂቅ ያዥ፣ ዋናው ጥያቄህ የአካባቢ አስተዳደር ምን ይችላል የሚለው አይደል? ጥቂት ልጨምር። እዚህ ክር ላይ የተጠቀሱት ዓመቶች፣ መምህር ከጠቀሱት የአዋጅ ቁጥር በቀር፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ትንሽ ቦታ ትልቅ ነገር ማስጀመር ትችላለች። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ኒድሃም የምትባል ትንሽ ከተማ በ2005 የትምባሆ መግዣ ዕድሜን 21 አደረገች። ያኔ ብቻዋን ነበረች፤ ነጋዴው ሁሉ «ገዢው ወደ ጎረቤት ከተማ ይሄዳል፣ ከንቱ ልፋት ነው» ብሎ ነበር ብትል አልገረምም። ከ14 ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 2019፣ አሜሪካ በሙሉ 21 አለች፤ ቬፕም ጭምር። ከኒድሃም ብዙም የማትርቀው ብሩክላይን ደግሞ ከዚህም አልፋ ከጥር 1 ቀን 2000 ወዲህ ለተወለደ ሰው ትምባሆም ቬፕም እስከ ዕድሜ ልኩ አይሸጥም አለች። ነጋዴዎች ከሰሱ። የግዛቱ የበላይ ፍርድ ቤት በ2024 ከተማዋ ትክክል ናት ብሎ ፈረደ።

ሳን ፍራንሲስኮ በ2018 ጣዕም ያለውን በሕዝብ ድምፅ ከለከለች። በ2019 ምክር ቤቷ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልፈቀደውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሁሉ እንዳይሸጥ ወሰነ። ያንን ለመገልበጥ በዚያው ዓመት ኅዳር ድምፅ ሲሰጥ ከ10 መራጭ 8ቱ «አይሆንም» አሉ።

አሁን ደግሞ መራራውን ስማ። የኦሃዮዋ ኮሎምበስ ጣዕም ያለውን ከለከለች፤ ክልከላው በጥር 2024 ሥራ ጀመረ። በዚያው ወር የግዛቱ ሕግ አውጪዎች የአገረ ገዢውን ተቃውሞ ሽረው «ከተሞች የትምባሆ ሽያጭ ላይ የራሳቸውን ደንብ አያውጡ» የሚል ሕግ አጸደቁ። ከተሞቹ ተሰባስበው ፍርድ ቤት ሄዱ። ስለዚህ 14ቱን አንቀጽ ከማረምህ በፊት ከላይ ያለው ሕግ ለእናንተ ምን እንደተወላችሁ አጣራ። ከላይ ጨርሶ ከታገደ እናንተ ስለ ሜትርና ስለ ፈቃድ መጻፍ ሥልጣን የላችሁም፤ የቀረላችሁ መፈተሽና ማሸግ ነው። ከላይ ከተፈቀደ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለአካባቢ አስተዳደር የሚተርፈው ሦስት ነገር ነው፦ ቦታ፣ ፈቃድ፣ ቆሻሻ። የኒኮቲኑን መጠን መወሰን የናንተ ሥራ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በሚሊሊትር ከ20 ሚሊግራም አይብለጥ፣ ማጠራቀሚያው ከ2 ሚሊሊትር አይብለጥ ሲል ላቦራቶሪ ያላቸው አገሮችን ይዞ ነው።

ቆሻሻ_ጫኝ

ቆሻሻ ሲሉ ሰማሁ። የኔ ሥራ ናት።

ያ ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት ውስጡ ሊቲየም ባትሪ አለ። ሰው እንደ ከረሜላ ወረቀት ነው የሚወረውረው። ከሌላው ቆሻሻ ጋር ይገባል፣ የጭነት መኪናው ይጨፈልቀዋል፣ ባትሪው ይበሳል፣ ከዚያ እሳት። እሳቱ ደግሞ ከመሐል ነው የሚነሣው፣ ላዩ ላይ ጭሱን ስታይ ውስጡ ነዷል። ሹፌሩ ያለው ምርጫ ጭነቱን መንገድ ላይ ዘርግፎ የእሳት አደጋ መጥራት ነው። ብሪታንያ በ2023 በሳምንት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ይጣላል ተብሎ ተገምቶ ነበር። በሰኔ 1 ቀን 2025 ሽያጩን አገዱት።

አምራቹ ምን አደረገ መሰላችሁ? ያንኑ እቃ፣ በዚያው ቀለም፣ ቂጡ ላይ የቻርጀር ቀዳዳ ጨምሮበት መጣ። «ይኸው፣ ዳግም ይሞላል» አለ። የሚሞላው ሰው ካለ አሳዩኝ። ደንባችሁ ላይ «የሚሸጥ ሁሉ ያለቀውን መልሶ ይቀበል፣ ሱቁ ውስጥ እሳት የማይበላው ሣጥን ያስቀምጥ፣ ማስወገጃውን ራሱ ይክፈል» በሉበት። ይህን የሚከለክላችሁ የበላይ ሕግ ያለ አይመስለኝም።

ፈቃድ_አለኝ

እኔ ነጋዴ ነኝ። ልትሰድቡኝ ትችላላችሁ።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው። ደንብ ሲወጣ ሁልጊዜ «ቬፕ ሱቅ» ይላል። እኔ በሬ ላይ ቬፕ ብዬ ስለጻፍኩ ተቆጣጣሪው እኔ ጋ ይመጣል። የስልክ መሸፈኛና ቻርጀር የሚሸጠው ልጅ መሳቢያው ውስጥ 40 ዓይነት አለው። በቴሌግራም አዝዘህ በሞተር የሚመጣልህ አለ። ሞተረኛው «መታወቂያ» የሚባል ቃል አያውቅም። እኔ ግብር እከፍላለሁ፣ ዕድሜ እጠይቃለሁ፣ ልጅ እመልሳለሁ። የመለስኩት ልጅ ስልክ መሸፈኛ ቤት ይገባል።

አውስትራሊያ ከ2024 አጋማሽ ወዲህ በፋርማሲ ብቻ ይሸጥ አለች። ሕገወጡ ገበያ ግን አልጠፋም። ሜልበርን ውስጥ በሕገወጥ ትምባሆ ንግድ ሽኩቻ ሱቆች ተቃጥለዋል። ዝጉን ስትሉ ይህንንም አስቡት።

የመምህር_ደብተር

ነጋዴ ስለ ኮንትሮባንድ ሲያለቅስ ሁሌም እጠራጠራለሁ። ግን የስልክ መሸፈኛ ቤቱ ነገር እውነት ነው። ተማሪዎቼም እዚያ ነው የምንገዛው ይላሉ።

የባንኮኒ_ጀርባ

ፈቃድ አለኝ፣ ያልከው ትክክል ነው፤ ደንቡ ሱቁን ሳይሆን እቃውን ይከተል። ማንም ይሁን ማን፣ ያችን እቃ የሚሸጥ ፈቃድ ያውጣ። ንግድ ፈቃዱ ሌላ፣ የዚህ ሌላ።

ለምን ፈቃድ ፈቃድ እንደምል ልንገራችሁ። እኔ በነበርኩበት ሱቅ ተቆጣጣሪዎች ልጅ ልከው ሙከራ ግዢ ያደርጉ ነበር። ልጅቷ የራሷን እውነተኛ መታወቂያ ይዛ ትመጣለች። እንዳትዋሽ ተነግሯታል፤ ዕድሜዋን ከጠየቅካት እውነቱን ትነግርሃለች። ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው የሚመጡት፣ ሰልፍ ሲበዛ። መታወቂያውን ዘረጋችልኝ። የትውልድ ዓመቱን አየሁ። ከኋላ ሰው «ቶሎ በል እንጂ» ይላል። በጭንቅላቴ ቀነስኩ፣ አንድ ዓመት ሳትኩ፣ ሸጥኩላት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሁለት ሰዎች ደብተር ይዘው ገቡ።

ቅጣቱ በማን ላይ ወደቀ? በእኔ። ከደሞዜ ተቆረጠ። ባለቤቱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ያጋጥማል» አለኝ። ለእሱ ምን ጎደለበት? ምንም። በሌላ ጊዜ ሌላ ሻጭ ተያዘ፣ ያም ራሱ ከፈለ። በሦስተኛው ግን ደንቡ ተቀይሮ ነበር፤ የሽያጭ ፈቃዱ ለ30 ቀን ታገደ። ባለቤቱ በ31ኛው ቀን መታወቂያ የሚያነብ መሣሪያ ገዝቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ዕድሜ ካልደረሰ ቀይ ያበራል። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተገዛው ስላልተገደደ ነው።

ሁለት_ፓኮ_ነበርኩ

ይህን ነው እኔም የምፈልገው። ለእኔ ይሸጥልኝ፣ ለልጅ አይሸጥ፣ የሳተ ይዘጋበት።

ጣዕሙ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። እኔ ሲጋራ ስተው የረዳኝ የትምባሆ ጣዕም አልነበረም፤ የትምባሆ ጣዕም አፌ ላይ ካለማ ምኑን ተውኩት? ግን ስሙና መጠቅለያው እንደ ልጆች መጫወቻ መሆን የለበትም። ኒውዚላንድ ስሙን ልከኛ አድርጋዋለች፦ በደፈናው የፍራፍሬውን ስም ጻፍ፣ አበቃ። ቻይና ደግሞ፣ አብዛኛውን የዓለም ቬፕ የምትሠራው ራሷ፣ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ለገዛ ሕዝቧ ከትምባሆ ጣዕም ሌላውን ከልክላለች። ለሌላው ግን ትልካለች። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ።

ረቂቅ_ያዥ

ሁላችሁንም አንብቤ ሌሊት ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ከላይ ያለውን ሕግ፣ መምህር የጠቀሱትን አዋጅ ጭምር፣ ነገ የሕግ ክፍል ሄጄ አጣራለሁ። ማገድ ከሆነ ይህ ሁሉ ቀርቶ ፍተሻና ማሸግ ላይ ብቻ እንጽፋለን። ሽያጭ ከተፈቀደ ግን አሥራ አራተኛውን ወደ አንደኛ አምጥቼዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ማንኛውም ሰው በሱቅ፣ በጋሪ፣ በኢንተርኔት ወይም በማድረስ አገልግሎት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ለመሸጥ ከንግድ ፈቃዱ ሌላ የሽያጭ ፈቃድ በየዓመቱ ያወጣል። ዕድሜው ላልደረሰ ሰው የተሸጠ እንደሆነ ፈቃዱ በመጀመሪያው ለ30 ቀን፣ በሁለተኛው ለአንድ ዓመት ይታገዳል፤ በሦስተኛው ይሰረዛል። ቅጣቱ በፈቃዱ ባለቤት ላይ እንጂ በሻጩ ላይ አይጣልም።»

የከተማ_ሕግ_ወዳጅ

ጥሩ ነው፣ ግን ሦስት ቀዳዳ አየሁ። አንደኛ፣ «በሁለተኛው» በስንት ጊዜ ውስጥ? ከአሥር ዓመት በፊት የሳተ ሰው ዛሬ ሁለተኛው ነው? በሦስት ዓመት ውስጥ በል። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ሲሰረዝበት በሚስቱ ስም አዲስ ያወጣል። ስለዚህ እገዳው ሰውየውንም ቤቱንም ይያዝ፤ በዚያ አድራሻ ለተወሰነ ጊዜ ለማንም አይሰጥ። ያኔ አከራዩም ዓይኑን ይከፍታል። ሦስተኛ፣ ይግባኝ የት እንደሚባል ጻፍ፤ ካልጻፍክ ፍርድ ቤት ያፈርሰዋል።

ሜትር_ለካሁ

ሜትሩንስ?

ረቂቅ_ያዥ

300፣ ከግቢው አጥር እስከ ሱቁ በር፣ ካርታ ላይ በቀጥታ መስመር። ሱቅ ከሱቅም ጨምሬያለሁ። ነባሩ ፈቃዱ እስኪያልቅ ይቆያል፣ ለሌላ ሰው ግን አያስተላልፍም።

ቆሻሻ_ጫኝ

ሣጥኔስ?

ረቂቅ_ያዥ

ገብቷል ወንድሜ፣ አንቀጽ 6።

ፈቃድ_አለኝ

አከራዩን መንካታችሁ ከብዶኛል፣ ኪራዬን ይጨምርብኛል። የቀረው ግን ልኖርበት የምችለው ነው። ሞተረኛውን ማን እንደሚይዘው ግን አሁንም አልጻፍክም።

ረቂቅ_ያዥ

አልጻፍኩም። አላወቅኩማ።

የባንኮኒ_ጀርባ

እንደ ሱቁ ነው፣ ሙከራ ግዢ። ራሳቸው ያዝዛሉ፣ ያመጣው ይያዛል፣ ከያዘው ላይ ላኪው ይገኛል። አድካሚ ነው። ለዚያ ሰው መቅጠር ያስፈልጋል፣ ሰው ለመቅጠር ደግሞ ገንዘብ። የፈቃዱ ክፍያ የሙከራ ግዢውን ወጪ እንዲችል አድርጋችሁ ተምኑት።

ረቂቅ_ያዥ

ዛሬ ለሰብሳቢው አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንዴ በጥሞና አነበቡት። ስለ ሜትሩም ስለ ጣዕሙም ምንም አላሉም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይኼ የፈቃድ ክፍያ የሚገባው የትኛው ሒሳብ ነው?»

የባንኮኒ_ጀርባ

ለተቆጣጣሪዎቹ ብቻ የሚወጣ ለብቻው የሆነ ሒሳብ ይከፈት በል። አጠቃላዩ ቋት ውስጥ ከገባ ለቢሮ ወንበር ነው የሚወጣው።

ረቂቅ_ያዥ

ወንበሩማ ባለፈው ወር ተገዝቷል፣ እሱን አትስጋ። ሒሳቡን እጽፈዋለሁ።